ቋሚው ገበያ የአምራቹና የሸማቹ ይሁን

የገበያ ቦታ ጥያቄ የከተማ ውበት ጥያቄ ብቻ አይደለም። የአምራቹ ገበሬ ላብ ዋጋ የሚያገኝበት፣ የሠራተኛው ደመወዝ ስንት እንጀራ እንደሚሆን የሚለካበት ቦታ ጥያቄ ነው። ስለሆነም በአምቦና በምዕራብ ሸዋ ከተሞች መሀል ለገበሬው ገበያ ቋሚ ቦታ የማዘጋጀቱ ጉዳይ ለመሐንዲስና ለማዘጋጃ ቤት ብቻ የሚተው አይደለም። የየቀበሌውን ነዋሪና የየፋብሪካውን ሠራተኛ በቀጥታ የሚመለከት የኑሮ ጉዳይ ነው። እኛም በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ከዚሁ አንጻር ነው።

በቅድሚያ ነባራዊውን ሁኔታ እንመልከት። ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ የሚወስደው አውራ ጎዳና አዲስ ዓለምን፣ ጊንጪን፣ አምቦን፣ ጉደርን፣ ጌዶንና ባኮን ያያይዛል። በዚህ መስመር ግራና ቀኝ ያለው አገር በምርቱ የታወቀ ነው። ጤፉ፣ ስንዴው፣ ገብሱና ሽምብራው ከደጋውና ከወይና ደጋው ይመጣል። ባኮ በበቆሎው ይታወቃል። የጀልዱና የደንዲ ደጋ ድንች ያወርዳል፤ በተለይም የጀልዱ ገበሬዎች ከሆለታ የግብርና ምርምር ማዕከል ጋር በመሥራት ለሌላ አካባቢ የሚተርፍ የዘር ድንች ያመረቱ ናቸው። ከዚሁ ዞን የሙገር ሲሚንቶ ይወጣል። የአምቦ ድንጋይ የአዲስ አበባን ሕንፃዎች ሲያለብስ ኖሯል። የአምቦ ውኃም ከ1922 ዓ.ም. ጀምሮ በጠርሙስ እየታሸገ ስሙ በአገሪቱ ሁሉ ተዳርሷል። ይህን ሁሉ የሚያወጣ አካባቢ፣ ገበሬው በገበያ ቀን ሸክሙን የሚያወርድበትን መሬት ደረቅ ማድረግ ሊያቅተው አይገባም።

ገበሬው በገበያ ቀን ገና ሳይነጋ ተነሥቶ፣ አህያውን ጭኖ ወይም በራሱ ትከሻ ተሸክሞ ይመጣል። በክረምት የሚቀመጥበት መሬት ጭቃ ነው፤ በበጋ አቧራ ነው። የጊንጪን ጥቁር አፈር የሚያውቅ ሁሉ ዝናብ ሲጠግብ ምን እንደሚሆን አይነገረውም። ቅቤዋንና አይቧን ይዛ ከጎህ እስከ ምሽት የምትቀመጠው ሴት፣ መጸዳጃ ቤት፣ ንጹሕ ውኃና ጥላ በሌለበት ገበያ ቀኑን የምታሳልፈው በሥቃይ ነው። ቀኑ ሲመሽ ያልተሸጠው ምርት የሚያድርበት ቦታ ካልተገኘ ደግሞ ገበሬው ሁለት ምርጫ ብቻ ይቀርለታል፤ ወይ ተሸክሞ መመለስ፣ ወይ ደላላው በቆረጠለት ዋጋ አራግፎ መሄድ። ገበሬው መልሶ ለመሸከም አቅም እንደሌለው ደላላው ያውቃል። ዋጋውንም የሚቆርጠው ይህንኑ አውቆ ነው።

የነገሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ይገኛል። በገበያው ውስጥ የሚታየው ቅራኔ ላይ ላዩን ሲያዩት በገበሬውና በከተማው ሸማች መካከል ያለ ይመስላል። አንዱ አስወደደብኝ ሲል ሌላው አራከሰብኝ ይላል። ጠለቅ ብሎ ለመረመረው ግን ሁለቱም የሚጎዱት በአንድ ምክንያት ነው። መጋዘኑ፣ ሚዛኑና የዋጋ ወሬው በጥቂቶች እጅ ሲገባ፣ ማታ ከገበሬው በርካሽ የተገዛው ሽንኩርት ጠዋት ለሠራተኛው በውድ ይቀርባል። እንግዲህ የአምራቹና የሸማቹ ጥቅም አንድ ነው ማለት ነው። ቋሚ ገበያም ማለት በመጀመሪያ ይህን ክፍተት የሚያጠብ ተቋም ማለት ነው እንጂ ሲሚንቶና ቆርቆሮ ማለት ብቻ አይደለም።

ታሪካችን በዚህ ረገድ በቂ ትምህርት ይሰጠናል። በዘውዱ ዘመን ገበያውና ኬላው በነጋድራስ ሥር በነበሩበት ጊዜ፣ ገበያ በዋነኛነት ቀረጥ የሚሰበሰብበት ቦታ ሆኖ ይታይ ነበር። የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ በአራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ይቆም ነበር። የፋሺስት ኢጣልያ ወራሪ፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየባቸው ዓመታት፣ ከተማይቱን ነጭና ጥቁር ብሎ ለመከፋፈል ባወጣው ፕላን የአገሬውን ገበያ ከአራዳ ነቅሎ ወደ ምዕራብ ወሰደው። የዛሬው መርካቶ የመጣው ከዚያ ነው። ፋሺስቱ ተባረረ፤ ገበያው ግን በተወሰደበት ቀረ። ገበያ አንዴ ከተነቀለ በኋላ ወደ ቀድሞ ቦታው አይመለስም። ስለዚህ የገበያ ቦታ ውሳኔ የአንድ የበጀት ዓመት ውሳኔ ሳይሆን የትውልድ ውሳኔ ነው።

ሌላው ትምህርት የሚገኘው ከአብዮቱ ዘመን ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ገበሬውን ከጭሰኝነት አላቀቀው። ይሁን እንጂ በ1960ዎቹ መጨረሻ የተቋቋመው የእርሻ ሰብል ገበያ ኮርፖሬሽን ከገበሬው የኮታ እህል በተቆረጠ ዋጋ መሰብሰብ ጀመረ። ዋጋው ከገበያው ያነሰ ስለነበረ፣ ኮታው ያልሞላለት ገበሬ ከገበያ በውድ ገዝቶ በርካሽ ያስረከበበት ጊዜ ነበር። በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ ኮታው ቀረ። ከዚህ የምንወስደው ትምህርት ፕላን አያስፈልግም የሚል አይደለም። ፕላን የሚወጣለትን ነገር ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል የሚል ነው። ቦታው፣ ውኃው፣ ሚዛኑ፣ መጋዘኑና ንጽሕናው በፕላን ሊያዙ ይገባል። የድንቹን ዋጋ በቢሮ ቆርጦ ገበሬውን ማስገደድ ግን ገበሬውን ከገበያው ያርቀዋል፤ ሸማቹንም ባዶ ዘንቢል ያሳቅፈዋል።

የውጭው ዓለም ልምድም ይህንኑ ያጠናክራል። ሁሉም ነገር በማዕከላዊ ፕላን ይመራባት በነበረችው በሶቪየት ኅብረት እንኳ የኮልኾዝ ገበያ ከ1924 ዓ.ም. ጀምሮ በሕግ ተፈቅዶ ነበር። የኅብረት እርሻው አባል ከጓሮው ያመረተውን ወደ ከተማ አምጥቶ፣ ከገዢው ጋር በተስማማበት ዋጋ ይሸጥ ነበር። ገበያው ሚዛን ያከራየዋል፤ ሥጋውንና ወተቱን በላቦራቶሪ ይመረምርለታል። በሌላ አነጋገር በሕዝብ እጅ የተያዘው አዳራሹ እንጂ የዕለቱ ዋጋ አልነበረም። በብራዚልም የቤሎ ሆሪዞንቴ ከተማ አስተዳደር ምግብ ማግኘት የዜጋ መብት ነው ብሎ በ1985 ዓ.ም. አንድ መምሪያ አቋቋመ። ሰው በሚበዛባቸው የከተማው ቦታዎች፣ በአካባቢው ያሉ አነስተኛ ገበሬዎች ምርታቸውን በቀጥታ ለሸማቹ የሚሸጡባቸውን ስፍራዎች ሰጠ። ገበሬው ወደ መሀል ከተማ ገባ እንጂ ወደ ዳር አልተገፋም።

ተቃራኒው ምሳሌ ከጋና ይመጣል። በነሐሴ 1971 ዓ.ም. በአክራ የሚገኘው ማኮላ ቁጥር 1 የተባለው ገበያ በወታደሮች ፈረሰ። ለዕቃ መወደድና መጥፋት ተጠያቂ የተደረጉት በገበያው የሚሸጡት ሴቶች ነበሩ። ሴቶቹ ያለ መደብ ቀሩ፤ የዕቃው እጥረት ግን በዚያ አልተፈታም። ይህን የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። በእኛም ከተሞች አልፎ አልፎ ጉልት ዘርግታ ልጆቿን የምታሳድገውን እናት ከመንገድ ዳር ማባረር እንደ ገበያ ማሻሻያ ሲቆጠር ይታያል። ለኑሮ ውድነት ተጠያቂዋ አምስት መደብ ቲማቲም የደረደረችው እናት አይደለችም። ለእርሷ ቦታ ያላዘጋጀ ቋሚ ገበያ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጎዶሎ ነው።

ከአገራችን የቅርብ ጊዜ ልምድ ደግሞ የአዲስ አበባው አትክልት ተራ ይጠቀሳል። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ከፒያሳ ወደ ጃንሜዳ ተዛወረ፤ ክረምቱ ሲገባ ሜዳው በጭቃ ተያዘ። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ሄደ። ወረርሽኙ ያስገደደው ነገር ስለነበረ ማንንም ለመውቀስ አንፈልግም። ነገር ግን የውኃ መውረጃ ያልተሠራለት ሜዳ ለአንድ ክረምት እንኳ ገበያ ሊሆን እንደማይችል ሁላችንም ተመልክተናል። ከዚያ ወዲህ በለሚ ኩራ፣ በኮልፌና በአቃቂ ቃሊቲ የግብርና ምርቶች የገበያ ማዕከላት ተሠርተዋል። የእሑድ ገበያም ከአዲስ አበባ ወደ ሌሎች ከተሞች ተዛምቷል። አምራችና ሸማች ያለ ብዙ ደላላ ሊገናኙ እንደሚችሉ የእሑድ ገበያው በተግባር አሳይቷል። የቀረው ነገር ይህ ግንኙነት በሳምንት ለጥቂት ሰዓታት በአስፋልት ላይ ከሚዘረጋ ሸራ ተላቆ ቋሚ ወለልና ቋሚ ጣሪያ ማግኘቱ ነው።

እንግዲህ ለምዕራብ ሸዋ ከተሞች የሚበጀው ምንድን ነው? በእኛ እምነት ሦስት ነጥቦች ሳይሸራረፉ ሊያዙ ይገባል።

አንደኛ፣ ገበያው ከመሀል ከተማ አይውጣ። ገበያው ሦስት ኪሎ ሜትር ቢርቅ ለሸማቹ ሠራተኛ በደርሶ መልስ ስድስት ኪሎ ሜትር ነው፤ ወይም ከደመወዙ የሚቀነስ የባጃጅ ሒሳብ ነው። የሚርቅባት አቅጣጫ ለደረሳት ገበሬም በጀርባዋ ላይ የተጨመረ መንገድ ነው። መሀል ከተማ ውስጥ ገበያ ሲቆም መንገድ ይጨናነቃል የሚለው ክርክር እውነትነት አለው፤ ልናቃልለው አንፈልግም። በጊንጪም ሆነ በአምቦ አውራ ጎዳናው በከተማው ውስጥ የሚያልፍ በመሆኑ፣ የጭነት መኪናና የገበያተኛ ሕዝብ በአንድ መስመር መጋፋታቸው ለሕይወት አደገኛ ነው። ነገር ግን መፍትሔው ገበያውን ማባረር ሳይሆን ፊቱን ከአውራ ጎዳናው ወደ ውስጥ መንገድ ማዞር፣ ለመጫኛና ለማውረጃ የተለየ ቦታ መከለል፣ የከብት ተራውን ብቻ ለይቶ ወደ ዳር ማውጣት ነው። በውስጥ የሚቀሩትም መተላለፊያዎች የእሳት አደጋ መኪና የሚያሳልፉ ይሁኑ። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በመርካቶ ሸማ ተራ፣ በመጋቢት 2014 ዓ.ም. ደግሞ በሀርጌሳ የዋሄን ገበያ የተነሣው እሳት፣ ተጣብቆ የተሠራ መደብና የጠበበ መተላለፊያ ምን ያህል ሀብት እንደሚያስበላ አሳይቷል።

ሁለተኛ፣ መሬቱ የሕዝብ ሆኖ ይቆይ። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 መሬት በጨረታ ወይም በምደባ እንደሚሰጥ ደንግጓል። የገበሬው ገበያ ቦታ ለጨረታ ከቀረበ ማን እንደሚያሸንፍ አስቀድሞ የታወቀ ነው። እንቅብ ድንች የያዘ ገበሬ ከባለ ካፒታሉ ጋር በጨረታ አይወዳደርም። ስለዚህ ቦታው እንደ ትምህርት ቤትና እንደ ጤና ጣቢያ ሁሉ ለሕዝብ አገልግሎት ይከለል። በላዩ ላይ ፎቅ ይሠራ፣ ገቢ ያመጣል የሚሉ ወገኖች አሉ። ማዘጋጃ ቤት ገቢ የሚያስፈልገው መሆኑን አንክድም። ይሁንና በወር አራት ወይም ስምንት ቀን ብቻ ወደ ከተማ የሚመጣ ገበሬ የሠላሳ ቀን ሱቅ አይከራይም። ሕንፃው ሲያልቅ ሱቁ የሚደርሰው ለቋሚ ነጋዴው ነው፤ ገበሬው ደግሞ በስሙ ከተሠራው ገበያ ደጃፍ ላይ ጭቃው ላይ ይቀመጣል። ሱቆቹ በዳር በዳሩ ይሠሩ፤ መሀሉ ግን ክፍት ወለል ሆኖ በዕለት ክፍያ ለሚገባ አምራች ይጠበቅ።

ሦስተኛ፣ ሥራው ከመሠረታዊው ይጀመር። ብዙ ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሠራው በሩና አጥሩ ነው፤ የሚመረቀውም እሱ ነው። እኛ የምንለው ቅደም ተከተሉ ይገልበጥ ነው። በመጀመሪያ የውኃ መውረጃ ቦይ ይቆፈር፤ ጥቁሩ አፈር ተነሥቶ ወለሉ በአካባቢው ድንጋይ ይነጠፍ። ቀጥሎ ውኃና ለሴትና ለወንድ የተለየ መጸዳጃ ቤት ይግባ። ከዚያም ለእህሉ፣ ለቅቤውና ለአትክልቱ ጣሪያ፣ ለአህዮቹም ማሰሪያና የውኃ ገንዳ ይዘጋጅ። ከሁሉም በላይ ያልተሸጠ ምርት በትንሽ ክፍያ የሚያድርበት የሕዝብ መጋዘን ይሠራ። ገበሬው ነገም መሸጥ እንደሚችል ሲያውቅ ማታ የሚቆረጥበትን ዋጋ እምቢ የማለት ኃይል ያገኛል። ይህ አንድ መጋዘን ብዙ የዋጋ መመሪያ ያልሠራውን ሊሠራ ይችላል።

ከመጋዘኑ ጎን የሕዝብ ሚዛን ይቁም። ግርግር ለሌባ ይመቻል እንደሚባለው፣ በጣሳና በግምት የሚሠፈርበት፣ ሚዛኑም በገዢው እጅ ብቻ የሆነበት ገበያ ለአታላይ የተመቸ ነው። ማንኛውም ሻጭ ወይም ገዢ ያለ ክፍያ የሚመዝንበት፣ በየጊዜው የሚፈተሽ ሚዛን በገበያው መሀል ይኑር። የዕለቱ ዋጋ ገበሬው በሚያነበው ቋንቋ፣ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ፣ በሰሌዳ ይለጠፍ። ፊደል ላልቆጠረውም በድምፅ ማጉያ ይነገር። የመደብ ክፍያ በደረሰኝ ይሁን፤ የተሰበሰበውና በጽዳት፣ በጥበቃና በጥገና የወጣው ሒሳብ በየወሩ እዚያው ሰሌዳ ላይ ይውጣ። የሚከፍል ሕዝብ የከፈለው የት እንደ ገባ ማወቅ መብቱ ነው።

ይህ ሁሉ የሚሠምረው ግን ሕዝቡ በውሳኔው ሲሳተፍ ብቻ ነው። በዚህ አካባቢ ፕላን የሚለው ቃል ሲነሣ ሕዝቡ የሚያስታውሰው ነገር አለ። አዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያሉትን የኦሮሚያ ከተሞች ያጣምራል የተባለው ማስተር ፕላን በ2006 ዓ.ም. አምቦን ጨምሮ በየቦታው ተቃውሞ አስነሥቶ የሰው ሕይወት ጠፋ። በኅዳር 2008 ዓ.ም. ከጊንጪ የተነሣው ተቃውሞ ብዙ አካባቢዎችን አዳረሰ፤ በጥር 2008 ዓ.ም. ፕላኑ መሰረዙ ተገለጸ። ገበሬውን ሳያማክር መሬቱን የሚነካ ወረቀት ምን ያህል ከባድ ዋጋ እንደሚያስከፍል ለማስረዳት ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም። እርግጥ አንድ ገበያ ማስተር ፕላን አይደለም። ሆኖም መሬት፣ መነሣትና መተካት ያለበት ጉዳይ ስለሆነ በዚያው ጥንቃቄ ሊያዝ ይገባዋል።

ስለሆነም የመጨረሻው ንድፍ ከመጽደቁ በፊት በግልጽ ስብሰባ፣ ሕዝቡ በሚናገረው ቋንቋ ይቅረብ። ስብሰባውም በገበያ ቀን፣ በገበያው ቦታ ይደረግ፤ ገበሬው የሚገኘው ያን ጊዜ ነውና። ገበያውን የሚያስተዳድር ኮሚቴ ከገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት፣ ከጉልት ሻጮች፣ ከጫኝና አውራጆች፣ ከአካባቢው ነዋሪዎችና ከማዘጋጃ ቤቱ ይውጣጣ። አትክልቱን፣ ቅቤውንና አይቡን ይዘው የሚቀመጡት በብዛት ሴቶች ስለሆኑ በኮሚቴውም ውስጥ ቁጥራቸው ለይስሙላ አይሁን። አሁን በመደብ ላይ ያሉት ሁሉ ሥራው ከመጀመሩ በፊት በስማቸው ይመዝገቡ። ግንባታውም በግማሽ በግማሽ ይካሄድ፤ አዲሱ ወለል አገልግሎት ሳይጀምር አሮጌው አይፍረስ። ለአንድ ክረምት እንኳ ገበያ የተዘጋበት ከተማ ሸማቹንም ገበሬውንም ለደላላ አሳልፎ ይሰጣል።

የቀበሌ ነዋሪዎች ማኅበራት አባላት፣ የፋብሪካና የቢሮ ሠራተኞች! ጉዳዩ የእናንተ ነው። በየስብሰባችሁ የገበያውን ንድፍ ጠይቁ። ቦታው የት ነው? በጨረታ ነው ወይስ በምደባ? መጋዘኑ በየትኛው ደረጃ ይሠራል? ሚዛኑን ማን ይፈትሻል? የሚሉትን ጥያቄዎች አንሡ፤ መልሱም በቃለ ጉባኤ እንዲሰፍር አድርጉ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ቦይ መቆፈርና ድንጋይ ማንጠፍ በሕዝብ ጉልበት ሊታገዝ የሚችል ሥራ ነው፤ ጉልበቱን የሚሰጥ ሕዝብ ግን ውሳኔውንም አብሮ ሊሰጥ ይገባል።

ማዘጋጃ ቤቶችም ይህን ግዴታቸውን በውል ይረዱ። ገበያውን ቋሚ የሚያደርገው የግድግዳው ውፍረት አይደለም። በሚመጣው ክረምት፣ ከዚያም በሚቀጥለው፣ ገበሬዋ ያንኑ ቦታ አግኝታ፣ በደረቅ ወለል ላይ ተቀምጣ፣ በትክክለኛ ሚዛን ሸጣ ስትሄድ፣ ሠራተኛውም የሚችለውን ዋጋ ከፍሎ ዘንቢሉን ሞልቶ ሲመለስ፣ ያን ጊዜ ገበያው ቋሚ ሆነ ይባላል።